ከብየዳው በፊት ሚዛኑ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጣው፣ ቅርጹ እንደ ሳጥን የሆነው ባለ ሦስት በር ሱዙኪ ጂምኒ አለኝ። ኋላው ጠባብ ስለሆነብኝ ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ የሚታሰር ዕቃ መጫኛ) ራሴ ሠርቼ ልጭንበት ነው። ብየዳ እችላለሁ። 40 በ40 የሆነ ባለ 2 ሚሊ ቱቦላሬ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ርዝመቱን 1.5 ሜትር፣ ወርዱን 1.1 ሜትር አድርጌ፣ ከታችም ከላይም ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ቅርጫት አስቤአለሁ። ድንኳኑን፣ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) እና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ላወጣበት ነው። ጣሪያውን በስቼ በቡሎን ልሰረው ወይስ በጣሪያው ጠርዝ ያለው የዝናብ ውሃ መውረጃ አሸንዳ ላይ ልያዘው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ጣሪያው ላይ በይደው» ይለኛል። እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጣሪያው ላይ አትበይድ። የመኪና ጣሪያ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ አይሞላም። ኤሌክትሮዱ ሲነካው ወይ ይበሳል ወይ በሙቀቱ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ላሜራ ደግሞ መዶሻ አይመልሰውም። በውስጥ በኩል ልባሱ ይቃጠላል፣ ቀለሙም ይላጣል። እዚያ እጅህን አስገብተህ ልትቀባው ስለማትችል ዝገቱ ከውስጥ ጀምሮ ሳታየው ይበላዋል። ጓደኛህ ለክፋት አይደለም፤ በከባድ መኪና ስፖንዳ ላይ የሚሆነው ሁሉ እዚህም የሚሆን መስሎት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ እስክሪብቶ አንስቼ መጀመሪያ ያሰላሁት የቱቦላሬህን ክብደት ነው። 40 በ40 ባለ 2 ሚሊ በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የታችኛው ክፈፍ 5.2 ሜትር ይወስዳል፣ የላይኛውም 5.2፤ አራት አግዳሚ 4.4፤ አጫጭሮቹ ቋሚዎች ተደማምረው 1.2። ድምሩ 16 ሜትር ነው፤ በኪሎ 38። ገና እግር አልወጣለትም፣ ወለል የለውም፣ ድንኳንህም መሬት ላይ ነው።

የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ አውጣና የጣሪያ ጭነት የሚለውን ፈልግ። የአንተ መኪና 30 ኪሎ ነው የተፈቀደለት። የጣሪያ ጭነት ሲባል ደግሞ የፖርቶመጋላውም ክብደት ይታሰባል። እንግዲህ ያሰብከው ቅርጫት ባዶውን 8 ኪሎ አልፏል ማለት ነው። ስኮርታውን 17 ኪሎ፣ ውሃውን 40 ኪሎ ብለን ብንደምርበት 95 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ከተፈቀደው ከሦስት እጥፍ በላይ።

«ጣሪያው ላይ ሁለት ሰው ቆሞበት ምንም አልሆነም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መኪናው ቆሞ ነበር። በቆመ መኪና ላይ ጣሪያ ብዙ ይችላል። በኮረኮንች ላይ ግን ያው ዕቃ ወደ ላይ ተነስቶ ሲመለስ ከክብደቱ በላይ ሆኖ ነው የሚያርፈው፤ ያም በአንድ ጉዞ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። አንዳንድ ፖርቶመጋላ አምራቾች ከአስፋልት ለሚወጣ መኪና የራሳቸውን ዕቃ አቅም በ1.5 አካፍለው የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ከጣሪያው ጥንካሬ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን መገልበጥ ነው። ትንሽ አገር አቋራጭ መኪና ጠባብና ረጅም ነው። ሒሳቡን አብረን እንየው። መኪናህ 1,100 ኪሎ፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 65 ሳንቲሜትር ላይ፣ ከመሐል እስከ ጎማው ደግሞ 70 ሳንቲሜትር ነው እንበል። በወረቀት ላይ ወደ ጎን እስከ 47 ዲግሪ ቢያዘነብል ይመለሳል። ያንን 95 ኪሎ ከመሬት 1.85 ሜትር ላይ ስታስቀምጥበት የስበት ማዕከሉ 9 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ መገልበጫው ወደ 43 ዲግሪ ይወርዳል። በወረቀት ላይ ያልኩት ምክንያት አለው። በተግባር ሞላዎቹ በቁልቁሉ በኩል ስለሚጨመቁ መኪናው ከመሬቱ ይበልጥ ያዘነብላል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ የቀረችህ ትንሽ ዲግሪ በአንድ ጊዜ ታልቃለች። ጎኑ ያዘነበለ መንገድ ላይ ልብህ ቀጥ ያለበትን ቀን አስታውስና ያኔ 95 ኪሎ ከራስህ በላይ ቢኖር ብለህ አስብ።

ስለዚህ ስኮርታው ከኋላ በሩ ላይ ይቆይ፤ በሩና ማጠፊያው እሱን እንዲሸከሙ ነው የተሠሩት። ውሃው ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ በደንብ ታስሮ። ጣሪያው ላይ የሚወጣው ቦታ የሚይዝ ግን የማይከብድ ዕቃ ነው፤ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ሸራ፣ የልብስ ከረጢት። የነዳጅ ጀሪካን ልታወጣ ካሰብክም ተው። ሲገለበጥም ሆነ ሲፈስ ከራስህ በላይ ነዳጅ እንዲኖር አትፈልግም።

የገዛኸውን ቱቦላሬ ለሌላ ሥራ አቆየውና 25 በ25 ባለ 1.5 ሚሊ ፈልግ። ይህ በሜትር 1.1 ኪሎ ነው። የላይኛውን ክፈፍ ተወው። የታችኛው ክፈፍና አራቱ አግዳሚዎች 9.6 ሜትር ይሆናሉ፤ 10.6 ኪሎ። ዕቃው ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከፊት በኩል ብቻ በ20 በ20 ቱቦላሬ አንድ ዝቅ ያለ ከለላ አድርግ፤ ከሁለት ኪሎ በታች ነው። ስድስቱ እግሮች በግማሽ ግማሽ ኪሎ 3 ኪሎ። ሁሉም ተደምሮ 15 ኪሎ ገደማ። ለዕቃ 15 ኪሎ ይቀርሃል። ትንሽ ነው ብለህ እንደምታዝን አውቃለሁ። ድንኳንህንና ፍራሽህን የሰው ሚዛን ላይ አውጥተህ መዝናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ወለሉን በወፍራም ሽቦ መረብ መሸፈን ያምራል፣ ግን ያተረፍከውን ኪሎ ይበላብሃል፤ አግዳሚዎቹ ይበቃሉ።

አሁን እግሩ ጋ ደረስን። ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ሲያስጌጥ ይውልና እግሩን በመጨረሻው ሰዓት ከተረፈው ብረት ይቆርጣል። እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ አድርጌ ዋጋውን ከፍያለሁ። ለራሴ ትንሽ መኪና የሠራሁት የመጀመሪያው ፖርቶመጋላ አራት እግር ብቻ ነበረው፤ የእያንዳንዱም ወርድ 3 ሳንቲሜትር። በኮረኮንች መንገድ በሦስተኛው ቀን ከግራ ጆሮዬ በላይ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ጀመረ። ውስጥ ያስቀመጥኩት ቁልፍ ነው የሚንኳኳው ብዬ ነዳሁ። ማታ ዝናብ መጣና ትከሻዬ ላይ ጠብ አለ። ወጥቼ ባትሪ ሳበራ የኋላው የግራ እግር አሸንዳውን ወደ ታች ጎትቶ እንደ ተከፈተ የቆርቆሮ ጣሳ ከንፈር አጣሞታል። አሸንዳ ሁለት ሦስት ላሜራ ተደራርቦ በነጥብ በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ነገር ነው፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ተከፍቶ ውሃው በዚያ ይገባል። አሸንዳውን ለመመለስ የፈጀብኝ ጊዜ ፖርቶመጋላውን ከሠራሁበት ይበልጣል።

መኪናህ አሸንዳ ስላለው ጣሪያውን አትብሳ። እግሮቹን ስድስት አድርጋቸው፤ በየጎኑ ሦስት። ቦታቸውን በዓይን ግምት አትምረጥ፤ የበሩ ምሰሶዎች ወደ ጣሪያው የሚደርሱበት አካባቢ ይሁን፤ አሸንዳው ጠንካራ የሚሆነው እዚያ ነው። የእያንዳንዱ እግር ወርድ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር፣ ላሜራው 3 ሚሊ ይሁን። እግሩ ሁለት ቁራጭ ነው። አንደኛው አሸንዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ክብደቱን ይሸከማል፤ ሁለተኛው ከሥር እንደ መንጠቆ ታጥፎ ከንፈሩን ይይዛል። ሁለት ባለ 8 ሚሊ ቡሎን አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል።

ብረት ከመቁረጥህ በፊት በካርቶን ሞክር። ካርቶኑን በመቀስ እየከረከምክ አሸንዳው ውስጥ ልክክ እስኪል ድረስ አስተካክለው፤ ከዚያ በኋላ ነው ላሜራው ላይ የምትስለው። የፊትና የኋላው ቅርጽ ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል ለስድስቱም ቦታ ሞክረው፣ ቁጥርም ጻፍበት። የአሸንዳውንና የብረቱን መገናኛ በአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ ልበሰው። ጎማው ቀለሙን ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ግን እግሩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ፍሬን ስትይዝ ዕቃው ሁሉ ወደ ፊት ይገፋል፤ ያን ጊዜ እግሩን የሚያቆመው ከአሸንዳው ጋር ያለው ጥብቀት ብቻ ነው።

መንጠቆው በበሩ የላይኛው ጠርዝ እንዳይነካ ተጠንቀቅ። እግሩን አስረህ ስትጨርስ አንድ ቅጠል ወረቀት በመንጠቆውና በበሩ መካከል አስገባና በሩን ቀስ ብለህ ዝጋ። ወረቀቱ በነፃነት ከወጣ ደህና ነው። ከተያዘ ወይ ከተቀደደ በሞረድ አሳንሰው፤ ያለበለዚያ በየቀኑ ቀለሙን እየፋቀ በወሩ ዝገት ያሳይሃል። በክፈፉና በጣሪያው መካከል ደግሞ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ክፍተት ተው፤ ክብደቱን አሸንዳው እንጂ የጣሪያው ላሜራ እንዳይሸከም።

ብየዳውን እችላለሁ ብለሃልና አላስተምርህም፤ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ። 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ ላይ ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ አምፒሩን ካላወቅህበት ይበሳብሃል፤ ባለ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይሻላል። አራቱን ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ አያይዝና ሰያፉን በሜትር ለካ። በአንተ ልክ ሁለቱም 186 ሳንቲሜትር መምጣት አለባቸው። ልዩነት ካለ ያኔውኑ በመዶሻ አስተካክል፤ ከተበየደ በኋላ አይሆንም። አንዱን ማዕዘን ጨርሰህ ወደ ጎረቤቱ አትሂድ፤ ወደ ተቃራኒው ሂድ፤ ሙቀቱ አንድ ወገን እንዳይስበው።

ሲያልቅ ክፈፉን ደልዳላ ወለል ላይ አስተኛው። አራቱም ማዕዘን ወለሉን ከነካ ጨርሰሃል። አንዱ 5 ሚሊ ከተነሳ ግን «ቡሎኑ ስቦ ያስተካክለዋል» ብለህ አትለፈው። በእርግጥ ይስበዋል፤ ግን የሚሳበው አሸንዳው ነው። መኪናው ቆሞ እያለ እንኳ አንድ ጥግ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሲጎተት ይኖራል፤ ኮረኮንቹ የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው። የኔን አሸንዳ የከፈተው ጠባቡ እግር ብቻ አልነበረም፤ ክፈፌም ጠማማ ነበር።

ብየዳውንም ግራይንደሩንም ከመኪናው ራቅ ብለህ ተጠቀም። የግራይንደር ፍንጣሪ ትኩስ ብረት ነው። ፓራብሬዛ ላይ ካረፈ መስታወቱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀለም ላይ ካረፈ ከሁለት ዝናብ በኋላ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ታገኘዋለህ። ቱቦላሬው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ደግሞ የምትበይድበትን ቦታ አስቀድመህ ፋቀው፤ ሥራውንም አየር ባለበት አድርግ። ያ ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል።

የቱቦላሬውን ክፍት ጫፎች በላሜራ ክደናቸው፤ ከሥር በኩል ግን 4 ሚሊ የሚሆን ቀዳዳ ተው። የትኛውም ብየዳ የሆነ ቦታ ውሃ ያስገባል፤ መውጫ ካላገኘ ከውስጥ ያዝገዋል። አንቲረስቱን ሁለት ጊዜ ቀባና በላዩ ቀለም።

ሲታሰር ዳዶው ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው፣ በንዝረት የማይላላው ዓይነት ይሁን። ከልክ በላይ አታጥብቅ፤ ከሥር ያለው ቀጭን ላሜራ ነው። ካጠበቅህ በኋላ ከዳዶው እስከ እግሩ የሚያልፍ አንዲት መስመር በነጭ ቀለም አስምር። ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ በሩን ስትከፍት በዓይንህ ብቻ ታየዋለህ። ከመጀመሪያው 50 ኪሎሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ፈትሽ፣ ከመጀመሪያው ኮረኮንች በኋላ እንደገና፣ ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በፊት። ትክ ትክ የሚል ከሰማህ ቁም። አዲሱን ቁመትም ለካና ከመሪው አጠገብ ጽፈህ ለጥፈው፤ ዝቅ ያለ በር ሥር ስትደርስ የምታስታውሰው አይምሰልህ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ አሮጌ ላዳ ኒቫ ነው። የባለቤቴ ወንድም ብረት ከባድ ነው፣ በአሉሚኒየም አሠሪው ይለኛል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የአሉሚኒየም ክብደት በእኩል መጠን ሲለካ የብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ግን ላለመታጠፍ ያለው ግትርነቱም ሲሶ ነው። ስለዚህ ያንኑ ልክ በ1.5 ሚሊ አታሠሪውም። 25 በ25 ባለ 3 ሚሊ አሉሚኒየም በሜትር 0.7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከላይ ለጻፍኩት ዓይነት ክፈፍ ትርፉ 4 ኪሎ ያህል ይሆናል። 4 ኪሎ ከጣሪያ ላይ ማውረድ ጥሩ ነው። ችግሩ ብየዳው ላይ ነው። አሉሚኒየም ለብቻው ማሽንና ለብቻው እጅ ይፈልጋል፤ በደንብ ቢበየድም እንኳ ብየዳው አጠገብ ያለው አሉሚኒየም ይለሰልሳል፤ ኮረኮንች የሚሰብረውም እዚያው ላይ ነው። በእኔ እምነት አሉሚኒየም ከመረጥሽ በማዕዘን ላሜራና በቡሎን ይያያዝ እንጂ አይበየድ። የብረት ቡሎን በቀጥታ አሉሚኒየሙን ሲነካና እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ስለሚበላ በመካከል የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ ይግባ። ኒቫሽ አሸንዳ ስላለው እግሩ ከላይ እንዳልኩት ይሠራል፤ አሮጌ ከሆነ ግን መጀመሪያ አሸንዳውን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ እየነካሽ ዙሪው። ጠንካራ መሆን ያለበት ቦታ ቅርፊት እየሆነ ከወረደ፣ መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን።

ጥያቄ፦ ፖርቶመጋላዬን ካሰርኩ ወዲህ ከ80 በላይ ስነዳ እንደ ዋሽንት ያፏጫል። ባዶውን ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ የፊተኛው አግዳሚ ነው። ነፋሱ ብረቱን አልፎ ሲሄድ ከጀርባው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተሽከረከረ ይላቀቃል፤ ያ ምልልስ በእኩል ፍጥነት ሲሆን ድምፅ ይሆናል። ቀጭን ገመድ ወስደህ አግዳሚው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ እባብ ጠምጥምበት፤ በእያንዳንዱ ዙር መካከል አንድ ስንዝር ያህል ተው። ነፋሱ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ መላቀቅ ስለማይችል ፉጨቱ ይሰበራል። ሁለቱን ጫፍ በደንብ ቋጥረው። ክፍት የቀረ የቱቦላሬ አፍ ካለም ድፈነው፤ እሱም እንደ ጠርሙስ ያፏጫል። ዕቃ ጭነህ ስትሄድ የሚያጉረመርምብህ ደግሞ ጠፍጣፋው ማሰሪያ ሊሆን ይችላል፤ ስታስረው አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርገው፣ ዝም ይላል።

የክፈፉ አፍንጫ ከፓራብሬዛው በላይ ወደ ፊት ወጥቶ እንደሆነ ግን ድምፁ ትንሹ ችግርህ ነው። ፍጥነትህ ከ60 ወደ 120 ሲያድግ የነፋሱ ኃይል አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ወደ ላይ የሚያነሳው ደግሞ የፊት እግሮችን ነው። እንደዚያ ከሆነ ፈተህ ወደ ኋላ ሳበው። ለረጅም ጊዜ ዕቃ የማትጭንበት ከሆነም ጨርሶ አውርደው፤ ስድስት እግር መፍታት የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም፤ አሸንዳውንም እግረ መንገድህን ታጥበዋለህ።